ከወጣቶች ጋር ለመሥራት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ማግኘት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖሩ የተዘጋጀ መመሪያ

ከአያት ወዲያ፣ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ ወይም ከጀሞ ጀርባ ባሉ ሰፈሮች ከወጣቶች ጋር የሚሠራ ሰው በነዋሪው አንደበት ብዙ ስም አለው። ወረዳው ‹‹የወጣት ማዕከል ባለሙያ›› ይለዋል፤ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ‹‹አመቻች›› ወይም ‹‹ሶሻል ወርከር›› ብለው ይቀጥሩታል፤ ልጆቹ ደግሞ ‹‹ቲቸር›› እያሉ ይጠሩታል። ሥራው ግን አንድ ነው፤ ከትምህርት ገበታ የወጡትን፣ ሥራ የሚፈልጉትን፣ በቤታቸው ሰላም ያጡትን እና ምንም ያልጎደላቸው የሚመስሉትን ወጣቶች በአንድ ግቢ ተቀብሎ፣ አምነው እስኪናገሩ ድረስ ታግሦ፣ የሚያስፈልጋቸውን ነገር በራሳቸው ጥረት እንዲያገኙ ማገዝ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ሥራ በታወቀ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ለመሥራት ለሚፈልጉ፣ በተለይም ከመሀል ከተማው ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው።

የስሙ መብዛት ገና ከመነሻው አንድ ችግር ይፈጥራል። ብዙ አመልካቾች በማሠልጠኛ ተቋማት ማስታወቂያ ላይ ‹‹ወጣት›› የሚል ቃል ያለበትን የሥልጠና መስክ ይፈልጉና ሲያጡት ሙያው ሥልጠና የለውም ብለው ይመለሳሉ። በአንዳንድ አገሮች የዚህ ሥራ ስምና ደረጃ ለብቻው ተለይቶ ተደንግጓል፤ ለምሳሌ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በዘርፉ ሙሉ ባለሙያ ለመባል የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፣ ረዳት ሠራተኞች ግን በ2ኛና በ3ኛ ደረጃ የሙያ ብቃት ይገባሉ። በእኛ አገር የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ለሥራው የሚቀርበው መስመር የማኅበረሰብ አገልግሎት ሥራ የሚባለው ነው። ስለዚህ ፍለጋውን በስም ሳይሆን በተግባር ያድርጉት፤ ወደ አንድ ተቋም ሲሄዱ ‹‹ከወጣቶችና ከቤተሰቦች ጋር የሚሠራ፣ የሚያወያይ፣ ችግር ያለበትን ሰው ወደሚመለከተው አካል የሚያስተላልፍ ሠራተኛ በየትኛው የሙያ ደረጃ ነው የሚሠለጥነው?›› ብለው ይጠይቁ።

ሁለቱ ወረቀቶች

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከደረጃ 1 ጀምሮ ወደ ላይ በየደረጃው የተከፈለ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሙያ ‹‹የሙያ ደረጃ›› የሚባል አገር አቀፍ ሰነድ ይዘጋጃል። ሰነዱ አንድ ሠራተኛ በዚያ ደረጃ ላይ ምን ምን ማከናወን እንደሚገባው፣ በምን መመዘኛ እንደሚለካ እና የትኛውን ዕውቀት መያዝ እንዳለበት በየብቃት አሃዱ፣ ማለትም ሥራው በተከፋፈለባቸው ክፍሎች፣ ዘርዝሮ ያስቀምጣል። የታችኞቹ ደረጃዎች በሌላ ሰው የቅርብ ክትትል የሚሠራን ሰው የሚመለከቱ ናቸው፤ መካከለኞቹ ራሱን ችሎ የሚሠራን፣ የላይኞቹ ደግሞ ዕቅድ የሚያወጣንና ሌሎችን የሚመራን ሰው ይመለከታሉ። ይህን ሰነድ ከማንኛውም ምዝገባ በፊት ማግኘትና ማንበብ ከሁሉ የሚቀድም እርምጃ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሥልጠናውም ምዘናውም የሚመነጩት ከዚያ ነው። ብዙዎቻችን ግን ሰነዱ እንዳለ የምናውቀው ለምዘና ስንቀርብ ነው።

ቀጥሎ መታወቅ ያለበት አንድ ሠልጣኝ በመጨረሻ የሚይዛቸው ወረቀቶች ሁለት መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ማሠልጠኛ ተቋሙ ሥልጠናውን መከታተልዎን የሚመሰክርበት ነው። ሁለተኛው ከተቋሙ ነፃ በሆነ አካል ተመዝነው ‹‹ብቁ›› ሲባሉ የሚሰጠው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ በአጭሩ ‹‹ሲኦሲ›› የሚለው እርሱን ነው። የሥራ ማስታወቂያዎች ‹‹የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው›› ሲሉ የሚጠይቁት ይህንኑ ሁለተኛውን ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው ዓመታት የቆዩ ሠራተኞችን አውቃለሁ፤ የተማሩት ትምህርት መልካም ቢሆንም በየማስታወቂያው ከማመልከቻ መስኮት ይመለሳሉ።

ከዚህ ጋር ተያይዞ ብዙዎች የማያውቁት አንድ መብት አለ። ምዘናው ለመደበኛ ሠልጣኞች ብቻ የተከለለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥርዓቱን በውጤት ላይ የተመሠረተ ስላደረገው፣ በተቋም የተማረም ሆነ በሥራ ላይ የለመደ ሰው ችሎታውን አስመዝኖ ማረጋገጫ ሊያገኝ ይችላል። በወረዳ ማዕከል ለአራትና ለአምስት ዓመት በበጎ ፈቃድ ያገለገለ፣ የአቻ ለአቻ ውይይት ሲመራ የኖረ፣ በክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ታዳጊዎችን ሲያስጠና የቆየ ሰው ዜሮ ላይ አይደለም። ይህ ሰው መጀመሪያ የሙያ ደረጃውን ሰነድ አንብቦ የሚችለውንና የሚጎድለውን በሐቀኝነት ይለይ፤ ከዚያ የሚጎድለውን ብቻ በአጫጭር ሥልጠና ይሙላ።

የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው ዩኒቨርሲቲ ላልገቡ ወጣቶች መንገዱ የተለየ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህ ቁጥር በእኛ ማዕከል ግቢ ውስጥ ፊት ነበረው፤ ውጤት በወጣ ሳምንት አግዳሚ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚውሉ ልጆች ነበሩ። ከእነዚያ ልጆች መካከል አንዳንዶቹ ራሳቸው የዚህ ሙያ ሠልጣኝ ቢሆኑ ማንም ያላየውን ሊያዩ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሙያውን እንደ መውደቂያ ሳይሆን እንደ ምርጫ እንዲያዩት እመክራለሁ። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ የሚወሰን ስለሆነ ውጤት ከወጣ በኋላ የከተማውን የሥራና ክህሎት ቢሮ ማስታወቂያ መከታተል ያስፈልጋል። እንጦጦ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ ተግባረ ዕድ፣ ምሥራቅና ንፋስ ስልክን የመሳሰሉት ታላላቅ ተቋማት በይበልጥ የሚታወቁት በቴክኒክ ሙያዎች ስለሆነ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት መስኩን በዚያ ዓመት ማን እንደከፈተ በአካል ሄዶ ማረጋገጥ ይሻላል።

ከመመዝገብዎ በፊት

እዚህ ላይ የራሴን ጉዳት መናገር ይኖርብኛል። በከተማው ምሥራቃዊ ዳር በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ የማታ ሥልጠና ጀምሬ ሙሉ ዓመት ከተማርሁ በኋላ ለምዘና ልመዘገብ ስሄድ፣ ተቋሙ የዕውቅና ፈቃድ ያለው ለታችኛው ደረጃ ብቻ እንደሆነና እኔ ለተማርሁበት ደረጃ ፈቃድ እንደሌለው ተነገረኝ። ግድግዳው ላይ በመስታወት ተሸፍኖ የተሰቀለ ፈቃድ ነበረ፤ በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ፣ አንድ ቀን ግን ቆሜ አላነበብሁትም። የከፈልሁት ገንዘብ አልተመለሰልኝም፤ ከገንዘቡ በላይ የቆጨኝ ግን ከሥራ መልስ የደከምሁበት ዓመት ነው።

የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ በጥቅሉ አይደለም፤ ለአንድ የሥልጠና መስክ፣ ለአንድ ደረጃ፣ ለአንድ ካምፓስና ለተወሰነ ጊዜ ነው። መገናኛ ያለው ካምፓስ ፈቃድ አለው ማለት የካ አባዶ የተከፈተው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። ስለሆነም ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የፈቃዱን ቅጂ ይጠይቁ፤ የመስኩን ስም፣ ደረጃውን፣ አድራሻውንና የሚያበቃበትን ቀን አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ከዚያም ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ዘንድ ሄደው ያረጋግጡ። መልስ ለመስጠት የሚያቅማማ ወይም ‹‹በቅርቡ ይመጣል›› የሚል ተቋም ካጋጠመዎት ፈቃዱ እስኪመጣ ድረስ አይመዝገቡ።

ዳርቻው ላይ የሚኖር ሰው ማየት ያለበት ሌላም ነገር አለ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላንና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ያሉ በመሆናቸው ነዋሪዎቻቸው የሚስተናገዱት በኦሮሚያ ክልል መዋቅር ነው። አንድ መንገድ ተሻግሮ ያለው ጎረቤት ግን በአዲስ አበባ ለሚ ኩራ ወይም አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሊሆን ይችላል። የሙያ ደረጃው አገር አቀፍ ቢሆንም ምዝገባው፣ የድጋፍ ደብዳቤውና የምዘና ቀጠሮው በየመዋቅሩ ስለሚሄድ፣ መታወቂያዎ የየትኛው እንደሆነ ከወዲሁ ያስቡበት። ፋይዳ መታወቂያ ካላወጡ አሁኑኑ ያውጡ፤ በትምህርት ማስረጃዎ፣ በልደት የምስክር ወረቀትዎና በመታወቂያዎ ላይ ያለው ስም በፊደል ደረጃ አንድ መሆኑንም ይመልከቱ። ‹‹ሃይለ››ና ‹‹ኃይለ›› በሚል ልዩነት ብቻ ምዝገባው የተጓተተበትን ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

የመንገዱንም ነገር ልብ ይበሉ። ከቦሌ አራብሳ ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ወደ ሌላ የከተማው ጫፍ የሚሄድ የማታ ሠልጣኝ በታክሲ ወረፋ ብቻ ሊያልቅ ይችላል፤ ሴት ሠልጣኞች ማታ 3 ሰዓት ከታክሲ ወርደው በጨለማ የኮንዶሚኒየም መንገድ የሚሄዱበት ሁኔታም አለ። ስለዚህ የቅዳሜና እሑድ ፈረቃ ካለ እርሱን ይምረጡ፣ ወይም ከአንድ ሰፈር የሚመጡ ሁለት ሦስት ሆነው አብረው ይመዝገቡ።

የልምምዱ ቦታና መዝገቡ

በትብብር ሥልጠና አሠራር ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሆን ይታሰባል። ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኝ የሥራ ቦታው ጋራዥ ነው፤ ለእርስዎ ግን የወረዳው የወጣቶች ማዕከል፣ የትምህርት ቤት ክበብ፣ ከጎዳና ልጆች ጋር የሚሠራ ድርጅት ወይም የእምነት ተቋም የወጣቶች ክፍል ሊሆን ይችላል። ተቋሙ ቦታ እስኪፈልግልዎት አይጠብቁ። ከተቋሙ የትብብር ደብዳቤ ያስጽፉና ራስዎ ወደ ወረዳው ይሂዱ፤ የማዕከሉን ኃላፊ በአክብሮት አነጋግረው በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ኃላፊነት ሥር እንደሚሠሩ በጽሑፍ ይስማሙ።

ማዕከሉ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰጥዎት ሥራ ምናልባት የፑል ዱላ ማስረከብና መቀበል፣ የቤተ መጻሕፍቱን በር መክፈት ወይም የሻወር ወረፋ መጠበቅ ይሆናል። ይህን ሥራ አይናቁት። አንድ ልጅ ለሦስት ሳምንት ተከታታይ በትምህርት ሰዓት ፑል ሊጫወት መምጣቱን የሚያየው ዱላውን የሚያስረክበው ሰው ነው። ሌላው ልጅ ስፖርት ውርርድ ላይ ስንት እንደተበላ የሚያወራው እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ስሙን ጠይቆ፣ በማግሥቱ በስሙ ጠርቶ፣ ሰፈሩን አውቆ ቀስ በቀስ መቅረብ የሚለመደው በዚህ ቦታ ስለሆነ፣ በክፍል የተማሩትን የማድመጥና የመጠየቅ ስልት እዚህ ይለማመዱት።

ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ግን አንድ ወፍራም ደብተር ይያዙ። ምዘናውን ካለፉትና ከወደቁት ባልደረቦቼ መካከል ያየሁት ትልቁ ልዩነት ይኸው ደብተር ነው። በየቀኑ ቀኑን፣ የተሠራውን ሥራ፣ የተሳታፊውን ብዛት በጾታ፣ የገጠመውን ችግርና የተወሰደውን እርምጃ በአራት አምስት መስመር ይጻፉ። ውይይት ሲመሩ የክፍለ ጊዜውን ዕቅድ አስቀድመው ይጻፉ፤ ዓላማው ምን ነበር፣ ምን ያህል ደቂቃ ተሰጠው፣ ምን ጥያቄ ቀረበ፣ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ምን አሉ። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የመገኛ ፊርማ ዝርዝርና የኃላፊዎን አስተያየት ከዚያው ጋር ያያይዙ። በወር አንድ ጊዜ ኃላፊዎ አንብቦ እንዲፈርምበትና ማኅተም እንዲያደርግበት ይጠይቁ፤ ከስድስት ወር በኋላ የስድስት ወሩን በአንድ ቀን ለማስፈረም መሞከር ለእርሱም ለእርስዎም አሳፋሪ ነው።

በደብተሩ ላይ የልጆቹን ስም በፍጹም አይጻፉ። ‹‹ወንድ፣ 16 ዓመት፣ ትምህርት ያቋረጠ›› ይበቃል። ደብተር በታክሲ ይረሳል፣ በጓደኛ እጅ ይገባል፣ ሰፈሩ ደግሞ ጠባብ ነው። ፎቶግራፍም ቢሆን ከልጁና ዕድሜው ካልደረሰ ከወላጁ ፈቃድ ሳይገኝ አይነሣም፤ ለማስረጃ ካስፈለገ ከጀርባ የተነሣ ፎቶ ያገለግላል።

አንድ የወር ዕቅድ ለመነሻ ያህል እነሆ። የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የሕይወት ክህሎት ብሎ የዘረዘራቸው 10 ናቸው፤ ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ በፈጠራ ማሰብ፣ በጥልቀት መመርመር፣ ሐሳብን በአግባቡ መግለጽ፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ስሜትን መቆጣጠርና ጭንቀትን መቋቋም። አሥሩንም በአንድ ወር አይነካኩ። በሰፈርዎ ከሚታየው ችግር ጋር የሚገናኙ ሁለቱን ይምረጡና በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ያዘጋጁላቸው። ለምሳሌ ውሳኔ መስጠትን ‹‹ደላላ ወደ ዓረብ አገር ልላክሽ ቢልሽ ምን ምን ትጠይቂዋለሽ?›› በሚል ጥያቄ ቢጀምሩት፣ ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ብዙ ልጆች ይናገራሉ።

ቋንቋን በተመለከተ በዳርቻው ሰፈር አንድ የማይታለፍ እውነት አለ። በኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከልደታ፣ ከአራት ኪሎና ከካዛንቺስ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ይኖራሉ፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ መሬታቸው በከተማ የተያዘባቸው አርሶ አደሮች ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ማዕከሉ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ወገን ብቻ ነው የሚገባው። አማርኛም አፋን ኦሮሞም የሚችል ሠራተኛ ሁለቱንም ያስገባል። አንዱን ብቻ የሚችሉ ከሆነ ከሥልጠናው ጎን ለጎን ሌላውን ይማሩ፤ ሰላምታውንና የስም አጠራሩን ብቻ ማወቅ እንኳን በር ይከፍታል።

ዕድሜና ሕግ

ምዘናው ላይም ሆነ በሥራው ላይ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት ዕድሜ ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ከ18 ዓመት በታች ያለን ሁሉ ሕፃን ይለዋል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም የሕፃናትን መብት ይደነግጋል። እንግዲህ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በፖሊሲው ወጣት፣ በሕጉ ሕፃን ነው። ወደ ማዕከል ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ ላይ ስለሆኑ፣ ሠራተኛው የሚጠነቀቀው በሕፃናት መብት ልክ ነው።

በየቀኑ የሚያስፈልጉ ጥቂት ድንጋጌዎችን በቃል ይያዙ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሠራ አይፈቀድም። የጋብቻ ዕድሜ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው የአልኮል መጠጥም ሆነ ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው። ሕጉን ማወቅ ሱቅ እየዞሩ ለመክሰስ አይደለም፤ በየብሎኬት ማምረቻው እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ የ16 ዓመት ልጅ ሲያጋጥምዎት የሆነውን ነገር በስሙ ለመጥራትና ወደሚመለከተው አካል ለማድረስ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ምሥጢር ነው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በር ዘግታ ‹‹ለማንም አትንገሩብኝ›› ብላ ብትጀምር፣ ጥሩ ሰው የሆነ ሁሉ ‹‹እሺ፣ ለማንም አልናገርም›› ለማለት ይቸኩላል። ይህን ቃል አይስጡ፤ ልትነግርዎት የምትችለው ነገር ጥቃት ከሆነ ቃልዎን ማጠፍ ግድ ይሆናልና። እኔ ከብዙ ስሕተት በኋላ የምለው እንዲህ ነው፦ ‹‹የምትነግሪኝን ለወሬ አላወጣውም። አንቺን ወይም ሌላ ሰውን የሚጎዳ ነገር ካለበት ግን ብቻዬን ልይዘው አልችልም፤ ያን ጊዜ ለማን እንደምንነግር አብረን እንመክራለን።›› ከዚያ በኋላ ጥቂት ልጆች ዝም ይላሉ፤ አብዛኞቹ ግን ይቀጥላሉ። የሰሙትን በዚያው ቀን ልጅቷ በተናገረችበት ቃል ይጻፉ፣ ለምርመራ አይጠይቋት፣ ተጠርጣሪውን ራስዎ ሄደው አያነጋግሩ፤ ለማዕከሉ ኃላፊና በወረዳው ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ያሳውቁ።

ለዚህም ሲባል ሥልጠናው ሳያልቅ የራስዎን የማስተላለፊያ ዝርዝር ያዘጋጁ። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ለወጣቶች ተስማሚ አገልግሎት የሚሰጠው በየትኛው ቀን ነው? በፖሊስ ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚይዘው ማን ነው? የሥራ ፈላጊ መታወቂያ የሚሰጠው በየትኛው ክፍል ነው? በአካል ሄደው ይተዋወቁ፤ ደብዳቤ የያዘ ልጅ ከሚያገኘው መስተንግዶ አስቀድሞ የተዋወቀ ሠራተኛ ያመጣው ልጅ የሚያገኘው ይሻላል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል፤ የኳስ ሜዳ ባለበት ማዕከል ለሚሠራ ሰው ይህን ሥልጠና መውሰድ ከማናቸውም አጭር ኮርስ አስቀድሞ መሆን አለበት። የአምቡላንሱ ቁጥር 907 መሆኑንም በማዕከሉ ግድግዳ ላይ ይጻፉት።

የምዘናው ቀን

ለምዘና ሲመዘገቡ ራስን መገምገሚያ ቅጽ ይሰጥዎታል። ብዙ ሰው ሁሉም ቦታ ላይ ‹‹አዎ›› ብሎ ምልክት አድርጎ ይመልሰዋል። ይህን አያድርጉ፤ ቅጹን እንደ ማጥኛ ይጠቀሙበት፣ ‹‹አዎ›› ባሉበት ቦታ ሁሉ ደብተርዎ ውስጥ የትኛው ገጽ እንደሚመሰክርልዎት ይፈልጉ፣ ገጽ ያላገኙለትን ተግባር በቀረው ጊዜ ይለማመዱ።

ምዘናው የዕውቀትና የተግባር ክፍል አለው። በዕውቀቱ የሚወድቁት ብዙ ጊዜ ሥራውን ለዓመታት የሠሩት ናቸው፤ የሚያደርጉትን ነገር ስሙን አያውቁትምና። ‹‹ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ›› የሚለው ሰው ‹‹ሪፈራል›› የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። በተግባሩ የሚወድቁት ደግሞ ክፍል ውስጥ ብቻ የተማሩት ናቸው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሰዎች ሆነው አብረው ቢያጠኑ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ እኛ በማዕከሉ ቤተ መጻሕፍት እሑድ እሑድ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

በተግባር ምዘናው ላይ መዛኙ ፊት ውይይት እንዲመሩ ቢጠየቁ ንግግር አያድርጉ። ክብ ሠርተው ያስቀምጡ፣ የጋራ ደንብ ያስወጡ፣ ክፍት ጥያቄ ይጠይቁ፣ ዝም ያለውን በትሕትና ይጋብዙ፣ የሚያበዛውን ሳያሳፍሩ ይግቱ፣ በመጨረሻም የተባለውን በተሳታፊዎቹ ቃል ይመልሱላቸው። መዛኙ የሚያየው በሙያ ደረጃው የተጻፉትን ነጥቦች መፈጸምዎን ነው። ውጤቱ ‹‹ገና ብቁ አይደለም›› ከሆነ በየትኛው አሃድ እንደወደቁ በጽሑፍ ጠይቀው ያንን ያጠናክሩና ዳግም ይመዝገቡ።

ከማረጋገጫው በኋላ

ሥራ ፍለጋ ሲጀምሩ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትዎና የሥራ ልምድዎ በቀጣሪ ዓይን የተለያዩ መሆናቸውን ይወቁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ስለሚጠይቁ፣ ለትራንስፖርት እየተከፈለዎት ያገለገሉበት ዓመት ላይቆጠር ይችላል። ያው ዓመት ግን ለምዘናው ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል፤ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችም ቃለ መጠይቅ የሚናገሩት ነገር ይሰጥዎታል። የልምድ ደብዳቤ ሲያስጽፉ ከመቼ እስከ መቼ በቀን፣ በወርና በዓመት፣ በምን የሥራ መደብ፣ በሙሉ ወይም በትርፍ ሰዓት እንደሠሩ፣ ደመወዝና የግብር ሁኔታው ተገልጾ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ሰው ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ቢጠየቅ ሊከፋው አይገባም፤ ሳይጠየቅም ይዞ ቢቀርብ መልካም ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ እርስዎም በተራዎ ይጠይቁ፦ የድርጅቱ የሕፃናት ጥበቃ መመሪያ በጽሑፍ አለ ወይ? ከባድ ጉዳይ ሲገጥመኝ የምመክረው የቅርብ ኃላፊ ማን ነው? ማታ ቤት ለቤት ጉብኝት ስሄድ ሁለት ሆነን ነው ወይስ ብቻዬን?

ወደ ላይ መቀጠል ለሚፈልግ ሰው ደረጃው በየምዘናው ያድጋል፤ የዩኒቨርሲቲውም በር ክፍት ነው። የአዲስ አበባው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በሁለተኛ ዲግሪ ዳግም ተጀምሯል፤ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። ነገር ግን ማረጋገጫውን ካገኙ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ማዕከል ቢቆዩ እመርጣለሁ። ዳርቻው ላይ ያሉ ልጆች ቤታቸው ሲፈርስ፣ ሰፈራቸው ሲቀየርና ትምህርት ቤታቸው ሲለወጥ ያዩ ናቸው፤ አንድ ሠራተኛ በስድስት ወሩ ሲሄድባቸው የሚቀጥለውን ስሙን ለመጠየቅ እንኳ አይፈልጉም። መልቀቅ ግድ ከሆነ ከአንድ ወር በፊት ለልጆቹ ይንገሩ፣ የማስተላለፊያ ዝርዝሩን አድሰው ለሚተካዎ ሰው በእጁ ያስረክቡ፣ የመጨረሻውን ሳምንትም ከእርሱ ጋር ግቢው ውስጥ አብረው ይዋሉ።